የማሚቴ ሙሾ እና የልዑል ባትሪ

ማሚቴ አፏ ክፉ ነው። ከዚህ እንጀምር፤ እሷም ብትሆን የምትጀምረው ከዚህ ነው። የመርሳን ብርቱካን በፌስታል ቋጥራ መናኸሪያው በር ላይ ስትሸጥ፣ ደህና ደህናውን ከላይ ደርድራ የተመታውን ከሥር እንደምትሸጉጥ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። ተሳፋሪ ተከራክሯት ሳይገዛ ሲቀር፣ "ሂድ! ወልድያ ስትደርስ በእጥፍ ትገዛታለህ፣ ያኔ ማሚቴን ትላለህ!" ብላ የአውቶቡሱን መስኮት በመዳፏ ትመታለች። ቂም ትይዛለች። የጎረቤት ዶሮ ጓሮዋ ከገባች ደግሞ የዶሮዋን ባለቤት ከነአያቱ ትሰድባለች። እንዲህ ናት፤ መልአክ ናት ያላት የለም።

ግን አልቃሽ ናት። ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ፣ አንዳንዴም እስከ ወልድያ ድረስ፣ ሰው ሲሞት የምትጠራው እሷ ናት። ቄሶቹ ሙሾ አይወዱም፤ በየልቅሶው "ተዉ፣ በጸሎት አስቡት" ይላሉ። ሕዝቡም አሜን ይልና ማሚቴን ይጠራል። ሌላው አልቃሽ ሟችን ማሞገስ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለለማኝ ፊት ሰጥቶ የማያውቀውን ሁሉ "የድሀ አባት" እያለ ይሸኘዋል። የማሚቴ አሠራር ሌላ ነው። ሰው ሞተ ሲባል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብስና መጀመሪያ የሟች ወዳጅ ዘንድ ትሄዳለች። ከዚያ ሟች የተጣላው ሰው ዘንድ ትሄድና "ምን በደለህ?" ብላ ቁጭ ትላለች፤ እስኪበቃው ታዳምጠዋለች። ከዚያ ልቅሶው መሃል ገብታ ጥፋቱን አስቀድማ፣ ደግነቱን አስከትላ ታወርዳለች። ለምን ሲሏት፣ "ሟች ይዞት የሚሄደው የመጨረሻውን ቃል ነው። ጥፋቱ እዚሁ ይቅር፣ ደግነቱ ይከተለው" ትላለች። የተበደለውም ሰው በደሉ በአደባባይ ስለተነገረለት ልቡ ይለዝባል፤ በመጨረሻው ግጥም ላይ ከሁሉ አብልጦ ደረቱን የሚደቃ እሱ ይሆናል። ሽማግሌ ያቃተው ስንት ጠብ በማሚቴ ሙሾ ታርቋል! ይህን ግን ቪዲዮ ያነሳ ሰው የለም።

ነገር የመጣው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ተስፋዬ ያረፉ ዕለት ነው። ማሚቴ እንደ ልማዷ ወጣች። የተጣላቸውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፤ ጎረቤታቸው ሶስና ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"እትዬ ማሚቴ፣ የቧንቧውን ነገር እንዳትረሺ! በሞቴ!"

ውሃ በጠፋበት በጋ አቶ ተስፋዬ የግቢያቸውን ቧንቧ ቆልፈው፣ ሶስና ባዶ ጀሪካን ይዛ ከደጃቸው ተመልሳለች። ይህን ስታወራ እንባዋ መጣ። ማሚቴ ሰማቻት፤ ከዚያ ልቅሶ ቤት ገብታ ደረቷን መታ መታ አደረገችና አወረደችው፤

ጎረቤቱ ጠምቶት ከደጁ ላይ ቢቆም፣
ቧንቧውን ቆለፈ፣ ተስፋዬ አልሰጠም።

ለቀስተኛው አጉረመረመ። ሶስና "እሰይ!" አለች። የሟች ልጅ ህሊና አንገቷን ደፋች። ማሚቴ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ሁለተኛው ገባች፤

በጦርነቱ ወራት ሀገሩ ሲርበው፣
ወፍጮውን ከፍቶ ነው መርሳን ያሳደረው።

ያኔ ልቅሶው ተነሳ። መንገድ ተዘግቶ፣ ገበያ ጠፍቶ፣ ሰው ማሽላውን በጥሬው ሲቆረጥም፣ አቶ ተስፋዬ ደብቀው ያቆዩትን ናፍጣ አውጥተው ለመጣው ሁሉ በነፃ ፈጭተዋል። ይህን የማያውቅ መርሳ ውስጥ አልነበረም፤ ግን እስኪነግሩት ድረስ ረስቶት ነበር። ሶስና ራሷ መሬት ላይ ተንከባለለች። ህሊናም ማሚቴን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። ልቅሶው አምሮ አለቀ።

ልዑል ግን ሁለተኛውን አልቀዳውም።

ልዑል ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የስልክ መሸፈኛ፣ ካርድና ቻርጀር የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ቲክቶክ ላይ "እውነት በልዑል" የሚል ገጽ አለው፤ እዚያ ላይ የተገለበጠ ባጃጅ፣ የተወደደ ሽንኩርትና የዘገየ አውቶቡስ ያወግዛል። ያን ዕለትም ልቅሶው መሃል ስልኩን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው ግጥም እንዳለቀ ባትሪው አለቀ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ቻርጀር ሻጭ ነው! የሱቁ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቻርጀር ነው። ተመልሶ ስልኩን ሰካና ያለችውን ቁራጭ ለጠፋት፤ "ሙት የምትሳደብ አልቃሽ! ወገን፣ ወዴት እየሄድን ነው?"

ወገን ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው አወቀ። ወደ ማሚቴ ሄደ።

በማግስቱ ቪዲዮው አገር አዳረሰ። መርሳ በየት በኩል እንደሆነች የማያውቅ ሁሉ በመርሳ የልቅሶ ሥርዓት ላይ ሊቅ ሆነ። አንዱ "ባህላችን ተደፈረ!" አለ፤ እሱ እንኳ ልቅሶ ከደረሰ ዘመን የለውም። አንዷ "የኔ እናት ብትሆን አፏን ሰፍቼ ነበር የምቀብራት" አለች፤ ለእናቷ ደውላ ታውቅ እንደሆን እግዜር ይወቅ። ሌላው ሙሾዋን ከከበሮ ጋር ቀላቅሎ መጨፈሪያ አደረጋት፤ እሱ እንግዲህ ሙት አክባሪ መሆኑ ነው። ሶስና ደግሞ ከሥር "በጣም ያሳዝናል" ብላ ጻፈች፤ የሚያለቅስ ፊትም አከለችበት። ስለ ቧንቧው ምንም አላለችም።

አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሊናገር ሞከረ። የሟች ልጅ ህሊና፣ "የአባቴ ልቅሶ ነው፣ እዚያው ነበርኩ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብትሰሙ ታለቅሱ ነበር" ብላ ጻፈች። መልስ ለማግኘት አልዘገየችም። "አንቺ ደግሞ ማን ነሽ? ምን አገባሽ?" አሏት። በአባቷ ልቅሶ!

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ማሚቴ ብርቱካኗን ይዛ መስኮት ስር ስትቆም ተሳፋሪው ስልኩን አውጥቶ ፊቷን ቪዲዮው ላይ ካለው ፊቷ ጋር ያስተያይ ጀመር። "እሷ ናት! እሷ ናት!" የሚገዛት ጠፋ፣ የሚያነሳት በዛ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ ያ ሁሉ ድር አብሮ ያሰረው አንዲት ብርቱካን ሻጭ ነው። ማሚቴ ስድቡንስ ቻለችው፤ ለስድብ አዲስ አይደለችም። የማትችለው መጣ እንጂ። እድሩ ጠራት።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ዮሴፍ ነገር የሚፈሩ ሰው ናቸው። ነገር እንዳይመጣ ብለው ስንት ነገር እንዳመጡ ግን አያውቁትም።

"ወይዘሮ ማሚቴ፣ እኛማ እናውቅዎታለን። ልቅሶው ላይም ነበርን" አሏት።

"ነበራችሁ እንጂ! አንቱማ ከሁሉ በላይ ጮኸው አልቅሰዋል።"

"እሱስ ልክ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ተቆጥቷል።"

"የትኛው ሕዝብ?"

አቶ ዮሴፍ ስልካቸውን አሳዩዋት። "ይሄኛው" አሉ።

"ይሄኛው ሕዝብ አንቱ ሲሞቱ ቃሬዛ ይሸከማል?"

አቶ ዮሴፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በልዑል ገጽ ላይ ወጥተው አንድ ይቅርታ ይበሉ፤ ነገሩ ይበርዳል። እስከዚያው ለጊዜው ከእድሩ ወጣ ብለው ይቆዩልን።"

"ይቅርታ የምለውማ አቶ ተስፋዬን ነው። እሳቸው ደግሞ እስከ መጨረሻው ሰምተውኛል" አለችና ተነስታ ወጣች። ወንበሩንም ገልብጣዋለች፤ አፏ ብቻ አይደለም ክፉው።

ይህ "ለጊዜው" የሚሉት ነገር ቀልድ አይደለም። ከእድር የወጣ ሰው ጡሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ቃሬዛውን የሚያነሳ ወጣት አይታዘዝለትም። ለመኖር ይኖራል፤ የሚቸግረው መሞት ነው። ማሚቴ ቤት ደግሞ ሞት ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ባሏ ፈንታው ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩ ዘበኛ ሆኖ ያረጀ፣ ወገቡ ተይዞ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ነው። እሱም እያለቀ ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል።

በበነጋው ማሚቴ ልዑል ሱቅ ገባች። ቻርጀሮቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ ምራቋን ዋጥ አደረገችና ትዕግሥት የሚሉትን ነገር ሞከረች።

"አንተ ልጅ፣ የቀረውን ጨምርበት።"

"እማማ፣ የቀረው የለኝም። ባትሪ አልቆብኝ ነው።"

"ታዲያ ባትሪ አልቆብኝ ነው ብለህ ጻፋ!"

ልዑል ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ያፈረ ሰው ሳቅ ነበር። "እማማ ሙች፣ እሱን ብጽፍ ማንም አያየውም" አላት።

እውነቱን ነው። ማንም አያየውም ነበር።

ቤት ስትመለስ ለፈንታው ሁሉንም ነገረችው። እሱም ጣራውን እያየ ሰማትና፣ "እንግዲያው እድሩ እስኪመልስሽ ሳልሞት ልቆያ" አላት።

"ቆይ እንጂ! ምን ያስቸኩልሃል?"

ቆይቶ፣ "ማሚቴ፣ ያቺን የወልድያዋን ነገር በሙሾዬ ትያታለሽ ወይ?" አለ።

የወልድያዋ ነገር የቆየች ናት። ጎረምሳ ሳለ ማሚቴን አራስ ቤት ጥሎ ወልድያ አንዲት ሴት ጋ ሄዶ ክረምቱን እዚያው ከርሟል። ዝናቡ ሲያባራ ተመለሰ፤ ማሚቴ በሩን ከፈተችለት እንጂ ምሬሃለሁ ብላው አታውቅም። ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ይኸው ነው፤ በጦርነቱ ወራት ከመርሳ ወደ ደጋው ሲሸሹ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት መንገድ ላይ ቀረች። ሰው ሁሉ እያለፋት ሲሮጥ፣ ፈንታው በዚያ ዕድሜው አዝሏት ዳገቱን ወጣ። ወገቡም የተያዘው ከዚያ ወዲህ ነው።

"እላታለሁ" አለች ማሚቴ።

"በመጀመሪያ ነው በመጨረሻ?"

"በመጀመሪያ።"

"እንግዲያው ይሁን" አለ ፈንታው። "የነሱ ባትሪ እንዳያልቅ ብቻ።"

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ማሚቴ ፊቷን አዞረች። ለስንቱ ስታለቅስ ኖራ ለራሷ ባል ለቀስተኛ እንዳይጠፋ ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ፈንታው ብዙም አልቆየላት። እሁድ ጠዋት፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ አረፈ።

ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳንም አልመጣም። ወሬው ግን ጡሩምባ አይፈልግም፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግቢው በሰው ጢም አለ። ማሚቴ ቀና ብላ ስታይ ደስ አላት፣ እውነቱን ለመናገር አንጀቷ ራሰ፤ ለቀስተኛ አልጠፋም። ቀጥላ ደግሞ እጃቸውን አየች። ግማሹ መርሳ አፍሮ መጥቷል፣ ግማሹ ሊቀርጽ። ከወልድያ ድረስ በሚኒባስ የመጡ ነበሩ፤ ፈንታውን በሕይወቱ አይተውት አያውቁም። አቶ ዮሴፍ እንኳ "እንደ እድር ሳይሆን እንደ ግለሰብ ነው የመጣሁት" እያሉ ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ ስልካቸው በእጃቸው ነው።

ሬሳው ቃሬዛው ላይ ሆኖ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጠ። ሙሾ የሚያወርድ ጠፋ። ባሏ የሞተባት ሴት ይለቀስላታል እንጂ ራሷ አታወርድም፤ ደንቡ ይህ ነው። ከሲሪንቃ የመጣች ሌላ አልቃሽ ነበረች፤ ገባ ብላ ያን ሁሉ ስልክ አየችና፣ "ጉሮሮዬን አሞኛል" ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። በመርሳ እንዲህ ያለ ዝም ያለ ልቅሶ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰው አፍሮ መሬት መሬት ያያል፣ ስልኮቹ ግን ቀና እንዳሉ ናቸው።

ማሚቴ ተነሳች። ነጠላዋን አጠበቀች።

ጥሎኝ ሄዶ ነበር ወልድያ ለሌላ፣
አራስ ቤት ነበርኩኝ ያለ ሰው ከለላ።

"ኧረ በስመ አብ!" አለ አንዱ። ስልኮቹ ሁሉ አንድ ክንድ ከፍ አሉ። "ባሏን! የራሷን ባል!" የሚል ሹክሹክታ ግቢውን ዞረው። ሶስና አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ በሌላ እጇ ትቀርጻለች።

ማሚቴ ግን አልቀጠለችም። የሚያውቋት ሁለተኛውን ጠበቁ። ዙሪያውን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ገበያ ላይ ሌባ እንደምታይ።

"እስካሁን ያልኩት የናንተ ነው፣ ውሰዱት" አለች። "ከዚህ ወዲያ ያለው የፈንታው ነው። ባዶ እጁን የቆመ ይሰማዋል። ስልክ የያዘ ደግሞ በቃው፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።"

ህሊና ከፊት ቆማ ነበር፤ ከመጀመሪያውም ምንም አልያዘችም፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየች። ከዚያ አንዱ ከተተ፣ ሌላውም ከተተ። አቶ ዮሴፍ ስልካቸውን ኮታቸው ውስጥ ሲሸጉጡት የሰረቁት ነበር የሚመስለው። ሶስና ነጠላዋ ሥር ደበቀችው፤ ማሚቴም "እሱንም አይቼዋለሁ" አለቻት። ጥቂቶች ተቆጥተው ወጡ፤ ከወልድያ የመጡት ናቸው። በመጨረሻ ልዑል ብቻ ቀረ። ያን ቀን ባትሪው ሙሉ ነበር። ማሚቴን አያት፣ ስልኩን አየው፣ አጠፋውና ማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ማንም ሳይለምነው ሄዶ የቃሬዛውን አንድ እግር ያዘ። የሱንም ደግነት በማሚቴ ሕግ መጨረሻ ላይ እንናገረው፤ ያን የተረገመ ቪዲዮ ሲለጥፍ ከልቡ ነበር የተቆጣው፤ በጦርነቱ ወራት እሱና እናቱ የበሉት የአቶ ተስፋዬን ዱቄት ነው።

ከዚያ ማሚቴ ሁለተኛውን አወረደች።

ምን አለች? እዚያ የነበረ ያውቀዋል። እዚህ አይጻፍም፤ ይህን ስንቱ በስልኩ እንደሚያነበው ማን ያውቃል! ብቻ ሙሾ የማይወዱት ቄስ ራሳቸው ፊታቸውን በመስቀላቸው ከለሉ። ቃሬዛው ሲነሳ ሊሸከም የሚጋፋው ወጣት በዝቶ፣ አቶ ዮሴፍ "ተራ ያዙ!" እስከማለት ደረሱ። ድንኳኑም ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ማን እንዳዘዘው የሚናገር ጠፋ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ተቆጥተው ከወጡት አንዱ የቀዳትን ግማሽ ለጥፏት አደረ፤ "ያቺ አልቃሽ ባሏንም አልማረችም!" አገር እንደገና ተንጫጫ። ልዑልም በዚህ ጊዜ ከሥር ጻፈ፤ "እዚያው ነበርኩ። ይሄ ግማሹ ነው። የኔም የፊተኛው ግማሽ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።" መልስ ለማግኘት አልዘገየም። "አንተ ደግሞ ማን ነህ? ምን አገባህ?" አሉት። ቀጥሎም "እውነት በልዑል" ላይ ዘመቱ። ከሃዲ ተባለ፣ ስሙ በየገጹ ዞረ፣ ለሱም ከበሮ ተቀላቀለለት።

መርሳ ዛሬ ሌላ መርሳ ናት። ማንን ብትጠይቁ ያን ቀን ባዶ እጁን የቆመ እሱ ነው። ሶስና ማሚቴን ከመጀመሪያውም እንዳመነቻት ለየሰዉ ታወራለች። አቶ ዮሴፍም ያ "ለጊዜው" የሚሉት ጊዜ እንዳበቃ በሰው በኩል ላኩባት፤ በራሳቸው አፍ መናገሩ ነገር ያመጣል ብለው።

ከተዝካሩ በኋላ ማሚቴ ወደ መናኸሪያው በር ተመለሰች። አንድ ቀን ልዑል ሱቁን ገርበብ አድርጎ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"እማማ፣ እኔ ስሞት ያለቅሱልኛል?" አላት።

"ሥራዬ አይደል? ግን ደንቡን ታውቀዋለህ። የተጣላህን ሰው እጠይቃለሁ። እሱ ተገኝቷል፣ እኔው ነኝ፤ የምለውም ሞልቶኛል። ወዳጅህ ማን ነው?"

ልዑል ስልኩን አወጣ፤ ያ ሁሉ ሺህ ሰው የተከተለው ስልክ ነው። በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርገው ቆየ፣ ቆየና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ማሚቴ ከክምሩ ላይ ደህናውን ብርቱካን አነሳች፤ ላጠችና ሰጠችው።

"እንካ ብላ" አለችው። "እስኪገኝልህ ድረስ እሱንም እኔው ልሁንልህ።"